ድካም ነው ወይስ ሕመም?
ከስፖርት በኋላ የሚሰማን ስሜት ወደ ሐኪም የሚወስደን መቼ ነው?

ከድሬዳዋ ወጥቶ የድሮውን የባቡር ሐዲድ ወደ ምዕራብ የተከተለ ሰው ሁርሶን ያገኛል። ብዙ ቤተሰብ ሁርሶን የሚያውቀው በወታደራዊ ማሰልጠኛው ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ፀሐይዋ ብቅ ካለች መሬቱ ለመጋል ጊዜ አይፈጅበትም።

እስቲ አንድ ሰው በምናባችን እናምጣ። ዕድሜው 44 ነው፤ የሁለት ልጆች አባት፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ። ለዘመድ ሠርግ ከነቤተሰቡ ወርዶ ሁርሶ ታላቅ ወንድሙ ቤት አድሯል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የስፖርት ጫማውን ሲያጠልቅ ታላቅ ወንድሙ አይቶት፣ "አንተ ልጅ፣ ሙቀቱን ሳትለምደው የት ልትሄድ ነው?" ይለዋል። እሱም፣ "ጋሼ፣ እኔ እኮ በየእሁዱ ስምንት ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፤ ይቺማ ምን አላት" ብሎ ይወጣል።

መጀመሪያ ላይ ሩጫው ይቀለዋል። ከደጋ የወረደ ሰው ትንፋሽ አያጥረውም፤ እግሩም ይፈታለታል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ግን ራሱን ይወቅረው፣ ያቅለሸልሸው ጀመር። በዚያ ሙቀት ውስጥ ብርድ ብርድ ይለዋል። እየተንገዳገደ ቤት ሲደርስ ልጁ "አባዬ፣ ምን ሆንክ?" ብትለው የሚመልሰው መልስ ከጥያቄው ጋር አይገናኝም።

ታሪኩ በምናብ የተሳለ ነው፤ ምልክቶቹ ግን እውነተኛ ናቸው። በዚያች ቅጽበት ቤተሰቡ "ደክሞት ነው፤ ትንሽ ይተኛ" ካለ ሰውየው ሊሞት ይችላል። "ይሄ ድካም አይደለም" ብሎ ቶሎ ካቀዘቀዘውና ሆስፒታል ካደረሰው ግን የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጤነኛ ድካም ምን ይመስላል?

ስፖርት ስንሠራ ልባችን ይፈጥናል፣ ትንፋሻችን ይበዛል፣ ላባችን ይወርዳል፣ ጡንቻችን ይዝላል። ይህ ሁሉ ጤነኛ ነገር ነው። ጤነኛ ድካም ግን አንድ መለያ አለው፤ ዕረፍት ሲያገኝ ይቀንሳል። ሩጫውን ስናቆም ትንፋሻችን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መረጋጋት ይጀምራል። ውሃ ጠጥተን፣ በልተን፣ ተኝተን ስንነሳ ደግሞ ሰውነታችን ይታደሳል። ያልለመድነውን እንቅስቃሴ ስንሠራ በማግስቱ ጡንቻ ይታመማል፤ ሕመሙ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን በርትቶ ከዚያ በኋላ እየለቀቀ ይሄዳል።

እንግዲህ ራሳችንን የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፦ ሳርፍ እየቀለለኝ ነው ወይስ እየባሰብኝ? ሁለተኛ፦ ያው የለመድኩት እንቅስቃሴ ከወትሮው በተለየ ለምን ከበደኝ? ሦስተኛ፦ ከድካም ጋር የማይሄድ ነገር፣ ማለትም የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የአእምሮ መደናገር፣ የሽንት መጥቆር አለ? ለአንዳቸውም የምንሰጠው መልስ ካሳሰበን ነገሩን "ስፖርት ስላልለመድኩ ነው" ብሎ ማለፍ አይገባም።

ቆላ ሲወርዱ፦ የሙቀት አደጋ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። አየሩ ኦክስጅን ስለሚበዛው ሳንባው "ጨምር" ይለዋል፤ ሰውነቱ ግን ሙቀቱን ገና አልለመደም።

ሰውነት ሙቀትን ለመላመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ላብ ቀደም ብሎና በብዛት መውጣት ይጀምራል፣ በላቡ ውስጥ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ በደም ሥር የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይጨምራል፣ ልብም ይረጋጋል። ስለዚህ ወደ ሁርሶ፣ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሌላ ቆላ የሚወርድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የለመደውን ግማሽ ያህል ብቻ ቢሠራ፣ ሰዓቱንም ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ቢያደርገው ይበጀዋል።

በሙቀት መጎዳት ደረጃ አለው። ቀላሉ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር ሲሆን በጥላ ሥር አርፎ ፈሳሽ ሲወስዱ ይሻላል። አደገኛው ደረጃ የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ወጥቶ አንጎልን መጉዳት ሲጀምር ነው። ዋናው ምልክቱ የጠባይና የንግግር መለወጥ ነው፦ መደናገር፣ መቆጣት፣ የማይገናኝ ነገር መናገር፣ መንገዳገድ፣ ራስን መሳት። "ላብ ካለው በሙቀት አልተመታም" የሚባለው እውነት አይደለም። በእንቅስቃሴ መሀል በሙቀት የተመታ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው ነገር ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ። አምቡላንስ እየጠሩ ወደ ጥላ ይውሰዱት፣ ልብሱን ያቅልሉለት፣ ገላውን በሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ ያርሱት። ገንዳ ወይም ሰፊ በርሜል ካለ ራሱን ደግፎ የሚይዝ ሰው ተመድቦ ከአንገት በታች ውሃ ውስጥ ማስገባት ከሁሉ ይሻላል። ከሌለ በባልዲ እየደጋገሙ ማፍሰስ፣ በረጠበ ነጠላ መሸፈንና ማራገብ ነው። ነጠላው ሲሞቅ እንደገና ይነከራል። ራሱን በደንብ የማያውቅ ሰው ውሃ እንዲጠጣ አይደረግም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

የፍጥነትን ጥቅም ለማየት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በሞቃት ወር የሚካሄደውን የፋልማውዝ የጎዳና ሩጫ መመልከት ይበቃል። በ18 ዓመታት ውስጥ በሙቀት የተመቱ 274 ሯጮች እዚያው በውድድሩ ሥፍራ በቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ታክመው ሁሉም ተርፈዋል። በረዶና ገንዳ በየቤቱ ባይኖርም ባልዲና ውሃ አይጠፋም።

ልብ ሲናገር

ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም. አትሌት ቀነኒሳ በቀለና እጮኛው ዓለም ተቻለ አብረው ልምምድ ላይ ነበሩ። ዓለም በ1995 ዓ.ም. በካናዳ በተካሄደው የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር ወርቅ ያጠለቀች፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበረች። በሩጫው መሀል ወደቀች፤ ሕይወቷም አለፈ። ምክንያቱ የልብ ችግር ሳይሆን እንዳልቀረ በወቅቱ ተዘግቧል። አገር ያዘነበት ቀን ነበር። በ1995 ዓ.ም. ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪያን ፎኤ በጨዋታ መሀል ወድቆ መሞቱንም የእግር ኳስ ወዳጆች ያስታውሳሉ።

ይህን የምናነሳው ሰውን ከስፖርት ለማስፈራራት አይደለም። በስፖርት መሀል በድንገት መሞት ከስንት አንድ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ አዘውትሮ መንቀሳቀስ ደግሞ የልብ ሕመምን ይቀንሳል። ነገር ግን ወጣትነትም ሆነ የአካል ብቃት "ልቤ ደህና ነው" ለማለት የምስክር ወረቀት አይሆኑም። በወጣቶች ላይ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያለው በዘር የሚተላለፍ የልብ ጡንቻ መወፈር ወይም የልብ ምት ሥርዓት መዛባት ነው። ከ35 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ግን ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች መጥበብ ቀዳሚውን ሥፍራ ይይዛል።

ልብ ከመታወኩ በፊት የሚናገርበት ጊዜ አለ። ሲሮጡ ወይም ደረጃ ሲወጡ መጥቶ ሲያርፉ የሚለቅ የደረት መጨነቅ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ በእንቅስቃሴ መሀል ራስን መሳት፣ ያለ ምክንያት ድንገት የሚጀምርና የሚዘበራረቅ የልብ ምት፤ እነዚህ ቀጠሮ የማያሻቸው ምልክቶች ናቸው። በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ላይ የደረት ሕመም ላይኖር ይችላል፤ ያልተለመደ ድካም፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊታይ ይችላል። በቤተሰብ ውስጥ ከ50 ዓመት በታች ሆኖ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ይህንን ለሐኪም መንገር ትልቅ ነገር ነው። "በድንገት ነው የሄደው" እያልን በለቅሶ ቤት የምናወራው ታሪክ ለልጆቻችን የሕክምና መረጃ ነው።

ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን በአውሮፓ ዋንጫ ጨዋታ ላይ ሲወድቅ ዓለም አይቶታል። ያተረፈው ወዲያው ደረቱ መጫኑና ልብን በኤሌክትሪክ የሚያነሳው መሣሪያ ቅርብ መገኘቱ ነው። የወደቀ ሰው ካልነቃና ትንፋሹ ከሌለ ወይም ማቃሰት ብቻ ከሆነ በሁለት እጅ መሀል ደረቱን በጥንካሬ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው። እርዳታ እስኪደርስ አይቋረጥም።

"ሰነፍ ነው" የተባለው ልጅ

በአገራችን አንድ ለየት ያለ ጥንቃቄ የሚፈልግ ጉዳይ አለ። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሰዉ ቶንሲል የሚለው፣ በወጉ ሳይታከም ሲደጋገም በአንዳንድ ልጆች ላይ የልብ በሮችን ይጎዳል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከጉሮሮ ሕመሙ ሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሕመምና እብጠት ይመጣል፤ ያም ሊያልፍ ይችላል። ዓመታት ቆይቶ ግን ልጁ ከእኩዮቹ ጋር መሮጥ ያቅተዋል፣ ዳገት ላይ ይቆማል፣ ሌሊት ትራስ ሲጨመርለት ይሻለዋል።

ወላጅና የስፖርት መምህር ይህን ልጅ "ሰነፍ" ወይም "ሞልቃቃ" ሊሉት ይችላሉ። ከማለታቸው በፊት ግን ልቡ ይደመጥ። ችግሩ በጊዜ ከተደረሰበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይባባስ መከላከል ይቻላል። የበረታባቸው ልጆች ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል የብዙ እንዲህ ያሉ ልጆችን ቤተሰቦች ያውቃል።

ልጅ ሩጫውን ካቆመ በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚያስለው ወይም ደረቱ ሲር ሲር የሚል ከሆነ ደግሞ አስም ሊሆን ይችላል። ይህም መድኃኒት አለው፤ ልጁንም ከጨዋታ ማስቀረት አያስፈልግም።

ጡንቻ፣ ኩላሊትና ውሃ

በጂም የመጀመሪያ ቀን፣ ወይም ከብዙ ወራት ዕረፍት በኋላ፣ አሠልጣኝ እየገፋፋ ከአቅም በላይ መሥራት ሌላ አደጋ አለው። ጡንቻ ከመጠን በላይ ሲጎዳ ይዘቱ ወደ ደም ይፈስሳል፤ ኩላሊት ይህን ማጣራት ሊያቅተው ይችላል። ምልክቱ ከተለመደው የጡንቻ ሕመም የበረታ ሥቃይ፣ እብጠት፣ ክንድን ማጠፍ ወይም መዘርጋት አለመቻል፣ ከሁሉም በላይ እንደ ኮካኮላ ወይም እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ ሽንት ነው። ይህ የታየበት ሰው በዚያው ዕለት ሆስፒታል መሄድ አለበት። ሕመሙን ለማስታገስ ብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ ኩላሊቱን የባሰ ሊጎዳው ይችላል።

ውሃም ቢሆን ልክ አለው። በ1994 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት ሯጮች 13 ከመቶ የሚሆኑት በደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያት ከመጠን በላይ መጠጣት ነበር። ጥማትን እየተከተሉ መጠጣት ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ በሙቀት ለሚንቀሳቀስ ሰው በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ኦአርኤስ ወይም ጨው ያለበት ምግብ ይረዳዋል። ብዙ ጠጥቶ ሆዱ የተነፋ፣ የሚያስታውክና የሚደናገር ሰው ግን ተጨማሪ ውሃ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

ትኩሳት፣ ጫትና ጾም

ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. መግቢያ በዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በቺኩንጉንያ ተፈትናለች። ወባም አለ። ትኩሳት ያለበት ሰው "ላብ ሲወጣልኝ ይለቀኛል" ብሎ መሮጥ የለበትም። ቫይረስ የልብን ጡንቻ ሊያስቆጣ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ የሚሠራ ከባድ ስፖርት አደጋውን ያብሳል። ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም ቀስ ብሎ መመለስ ነው።

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ስለ ስፖርት ሲወራ ጫት አይዘለልም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፣ የድካምን ስሜትም ይሸፍናል። ከየመን የወጡ ጥናቶች ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር አያይዘውታል። ቅሞ ኳስ ሜዳ የሚገባ ሰው በተለይም ሲጋራና እንቅልፍ ማጣት ከተጨመሩበት የሰውነቱን "አቁም" የሚል ድምፅ አይሰማም።

በረመዳንም ሆነ በሁዳዴ የሚጾም ሰው ከባዱን እንቅስቃሴ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት አስጠግቶ ቢያደርገው ይመረጣል። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብና የዓይን መጨለም የስኳር ማነስ ምልክቶች ናቸው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ስኳሩ ስፖርት ከሠራ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ተኝቶ ሳለም ሊወርድ እንደሚችል ይወቅ።

በማግስቱ የሚጥል ድካም

አንዳንዱ ሰው በዕለቱ ደህና ይሆናል። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ግን ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል፤ ጉሮሮው ይከረክረዋል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ይሳነዋል። ይህ ከኮቪድ ወይም ከሌላ የቫይረስ ሕመም በኋላ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ራሱን በግድ በገፋ ቁጥር ይብስበታል፤ አቅሙን እየለካ መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ግን ይህ ነው ከማለት በፊት የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የስኳር ሕመምና የልብ ችግር መመርመር አለባቸው። የወር አበባ የሚበዛባቸው ሴቶች ለረጅም ጊዜ "ደክሞኛል" ሲሉ ከጀርባው የብረት እጥረት ሊኖር ይችላል።

መቼ ወደ ሐኪም?

*አሁኑኑ፣ አምቡላንስ ተጠርቶ (የቀይ መስቀል 907)፦*
- በዕረፍት የማይለቅ የደረት ሕመም ወይም መጨነቅ
- በእንቅስቃሴ መሀል ራስን መሳት
- መደናገር፣ የንግግር መተሳሰር፣ የአንድ ወገን መዛል
- ቁጭ ብሎም የማይረጋጋ ትንፋሽ
- መደናገር የታከለበት የሰውነት መጋል

*በዚያው ዕለት፦*
- የጠቆረ ሽንት፣ ወይም ሽንት እምቢ ማለት
- የማያቋርጥ ማስታወክ
- ያበጠና የማይንቀሳቀስ ጡንቻ፤ አንድ ባት ብቻ አብጦ የሚያምም ከሆነም

*በሳምንቱ ውስጥ፦*
- ሲንቀሳቀሱ መጥቶ ሲያርፉ የሚለቅ የደረት መጨነቅ (እስኪታዩ ድረስ ስፖርት ያቁሙ)
- ያው የለመዱት እንቅስቃሴ ያለ ምክንያት እየከበደ መሄድ
- የእግር ማበጥ፣ ተኝቶ የሚመጣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር
- በየጊዜው የሚመለስ ማዞር ወይም የልብ ምት መዛባት

ሐኪም ጋ ሲሄዱ ምን እየሠሩ ሳለ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ፣ ምን ተሰማዎት፣ ስንት ጊዜስ ቆየ የሚለውን ጽፈው ይሂዱ። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ ጫትና ሲጋራም ካለ ሳያፍሩ ይናገሩ። ሐኪሙ ግፊትዎን ለክቶ ልብዎን ካዳመጠ በኋላ የደም፣ የስኳርና የሽንት ምርመራ ሊያዝ ይችላል፤ እንደ ሁኔታው ኢሲጂ፣ የልብ አልትራሳውንድ ወይም እየተራመዱ የሚደረግ የልብ ምርመራ ይከተላል። ድሬዳዋ ላይ ላለ ቤተሰብ ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች አሉ።

በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ከነልጆቹ ጎዳና ላይ ወጥቶ ስፖርት መሥራት ለምዷል። ይህ መልካም ልማድ እንዲዘልቅ እንመኛለን። የሁርሶው እንግዳችን ስህተት መሮጡ አልነበረም፤ ሰውነቱ "በቃኝ" ሲለው አለመስማቱ ነው። ደግነቱ ታላቅ ወንድሙ የውሃ ባልዲውን ይዞ ደጃፍ ላይ ነበር። እርስዎም በሚቀጥለው እሁድ ሲወጡ የሚሄዱበትን መንገድና የሚመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ ይንገሩ። ሲመለሱ ልጅዎ "ምን ሆንክ?" ወይም "ምን ሆንሽ?" ካለች ደግሞ "ምንም አይደል" ለማለት አይቸኩሉ። ቁጭ ብለው፣ ውሃ ተጎንጭተው፣ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ራስዎን ይጠይቁ።